አፏን ይዛ የተፈተነችው ሰርካዲስ

ሰርካዲስ ወልደ ማርያም ድሬዳዋ ተወልዳ ድሬዳዋ ያደገች ሴት ናት። ስሟ በጋዜጣ ወጥቶ አያውቅም። መንገድ ላይ ብታገኟት ቦርሳዋን በብብቷ ይዛ ጥላ ጥላውን የምትሄድ፣ እንደ ማንኛዋም የከዚራ ሰፈር ሴት ናት። በ1976 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የሆነላትን ነገር ከራሷም፣ በቦታው ከነበሩትም ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ተደንቄ ነበር፤ ዓመታት አልፈውም መደነቄ አልቀነሰም።

አባቷ አቶ ወልደ ማርያም በባቡሩ የጥገና ክፍል ይሠሩ ነበር። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲለኩ፣ ሲያሰምሩና ሲቆርጡ ይውላሉ፤ ቤት ሲገቡ ንግግር አያበዙም። እናቷ ወይዘሮ በለጠች ግን ለሁለቱም የሚበቃ ንግግር ነበራቸው። ቤተ ክርስቲያን ሳይስሙ አይውሉም፤ ልጃቸውንም ገና በሕፃንነቷ ሰንበት ትምህርት ቤት አስገቧት። ሰርካዲስ እዚያ መዝሙር ተማረች። ድምጿ ይህን ያህል አልነበረም። የሚገርመው ሌላ ነገር ነው። መዝሙሩ አልቆ ልጆቹ ሲበተኑ፣ እሷ መንገድ ላይ ማንም ያልዘመረውን ታንጎራጉራለች።

«ይሄን ደግሞ ማን አስተማረሽ?» ይሏታል።

«ማንም። ከዚያኛው ቀጥሎ የሚመጣው እኮ ይሄ ነው» ትላለች፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስላታል።

በዚያን ጊዜ በከተማው ካሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሙዚቃ ትምህርት ተከፍቶ ነበር። የሚያስተምሩት ጋሼ ሣህሉ ነበሩ። ጋሼ ሣህሉ ወጣትነታቸውን በወታደር ባንድ ውስጥ ክላርኔት ሲነፉ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ሁርሶ የጦር ማሠልጠኛ በጠራራ ፀሐይ ቆመው ለምልምሎች ሰልፍ እንደ ነፉ፣ ላባቸው በወረቀቱ ላይ ተንጠባጥቦ ኖታውን እንዳጠፋባቸው ይተርኩ ነበር። በባንዱ ሥርዓት ማንም በቃሉ አይነፋም። ወረቀቱ ፊቱ ይቆማል፤ ያንን አንብቦ ይነፋል። ይህን ሥርዓት እንዳለ ወደ ክፍላቸው አመጡት።

በመጨረሻው ዓመት ተማሪው ከሁለት አንዱን ይመርጣል። አንደኛው መጫወት ነው፤ መሣሪያውን ይዞ ፈታኙ ፊት መቆም። ሁለተኛው ድርሰት ነው፤ አዲስ ዜማ ደርሶ በኖታ መጻፍ። ድርሰትን የመረጠ በፈተናው ቀን አይጫወትም፣ አያንጎራጉርም፣ እጁንም አያነሳም። ከኋላ ተቀምጦ አፉን ይይዛል። ዜማውን ጓደኞቹ ወረቀቱን አይተው ይጫወቱለታል፤ ከወረቀቱ የወጣው ውጤቱ ነው።

«እሱ ራሱ ቢያስረዳን ምናለበት?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ ነበር።

«ደራሲው የሞተ ዕለትስ?» አሉት ጋሼ ሣህሉ። «መቃብሩ ላይ ቆመህ እባክህ አንዴ አዚምልኝ ልትለው ነው?»

ተማሪው ሁሉ መጫወትን መረጠ። ዓመቱ የአብዮቱ አሥረኛ በዓል የሚዘጋጅበት ስለ ነበር መሣሪያ የያዘ ሁሉ ለኪነት ቡድን ይፈለጋል። ልብስ ይሰፋለታል፣ በመኪና ከከተማ ከተማ ይዞራል፣ መድረክ ላይ ይወጣል። ሰርካዲስም ብትሄድ ደስ ባላት ነበር። ገና ስታነሳው ግን ወይዘሮ በለጠች ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«መድረክ? የእኔ ልጅ? ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጥታ ወደ ኪነት? እኔ በቁሜ?»

«እማዬ፣ ድርሰት የሚባለው እኮ መድረክ የለውም። ከኋላ ቁጭ ብሎ ዝም ማለት ነው።»

«ዝም ማለት? አንቺ?»

አቶ ወልደ ማርያም ሳቃቸው አመለጣቸው። «ዝም የሚያሰኝ ትምህርት ከመጣማ ትመዝገብ እንጂ። ቦታ ካለም ሌላ ሰው አለን በያቸው» አሉ፣ ሚስታቸውን በዓይናቸው እየጠቆሙ።

በዚህ ዓይነት ሰርካዲስ ከክፍሉ ብቸኛዋ የድርሰት ተማሪ ሆነች። የምትጠብቀው አንድ ነገር ነበር። አዲስ አበባ ወዳለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ለመግቢያ ፈተና ከየዘርፉ አንድ ተማሪ ይላካል፤ ያውም በሰኔው ፈተና ካለፈ ብቻ። ካለፈች ትሄዳለች። እናቷም ቃል ገብተውላታል። ከወደቀች ግን ወሬው ያበቃል፤ ወይዘሮ በለጠች ለክረምቱ የታይፕ ትምህርት ቤት ቦታ ይዘውላት ነበር። እሷም ታይፕን አልጠላችም። ግን ሌሎች የጻፉትን እየመታች ዕድሜዋን ስትጨርስ ይታያትና እንቅልፍ ይነሣታል።

የኖታ ወረቀት ድሬዳዋ ውስጥ አልነበረም። አባቷ በብረት ማስመሪያቸውና በሥራ እርሳሳቸው አምስት አምስት መስመር እያሰመሩ ሰጧት። መስመሩ እንደ ሐዲድ ቀጥ ያለ ነበር። እሷም በዚያ ላይ «ደቻቱ ሲመጣ» የሚል ዜማ ጻፈች። ደቻቱን ለማያውቅ ሰው፣ ከተማውን ለሁለት የሚከፍለው ወንዛችን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፣ በዝናብ ጊዜ ግን በድንገት ይሞላና ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። ዜማዋ በአሸዋው ጸጥታ ይጀምርና ሰዎች «መጣ!» ብለው ሲጮኹ፣ ከዚያ ጎርፉ ሲደርስ ያሰማል።

የሚጫወቱላት አራት ልጆች ነበሩ። ጉግሳ ከበሮ፣ ሃሺ ዋሽንት፣ ዲሪዬ ክራር ይጫወታሉ። አራተኛዋ ዋሪስ ናት፤ አኮርዲዮን። አኮርዲዮኑ የትምህርት ቤቱ ሲሆን ጠባዩ እንደ ሕፃን ነበር። ውስጡ ድምፅ የሚሰጡት ስስ ብረቶች በሰም የተጣበቁ ናቸው፤ የድሬዳዋ ሙቀት ሲበረታ ሰሙ ይለሰልስና ብረቶቹ ይላቀቃሉ። ስለዚህ ጋሼ ሣህሉ ከውኃ ጋኑ አጠገብ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ቆልፈውበት ያስቀምጡታል። የሚወጣውም በማለዳ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ከተማ ልማድ መናገር አለብኝ። ድሬዳዋ ላይ ዘፈን ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የሚሄደው። ሰው ሰምቶ ይይዛል፣ የያዘውን ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ በአማርኛ የሰማውን በሶማልኛ፣ በኦሮምኛ የሰማውን በአደርኛ ይመልሰዋል። ወረቀት አይቶ መጫወት ለልጆቹ የጋሼ ሣህሉ አመል እንጂ የሙዚቃ ሥራ አይመስላቸውም ነበር። ሰርካዲስ ወረቀቱን ባደለች ማግሥት ሦስቱ ወንዶች ግቢዋ በር ላይ ቆሙ።

«አቦ ሰርካ» አለ ጉግሳ፣ «ይሄ ወረቀትሽ ጉንዳን የሄደበት ነው የሚመስለው። አንዴ በአፍሽ በይልን።»

«ጋሼ ሣህሉ ከልክለው የለም እንዴ?»

«የከለከሉት በፈተናው ቀን ነው። ዛሬ ፈተና ነው? ወላሂ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው!»

ሃሺ ከኋላው፣ «እኛ እንዳንወድቅብሽ ብለን ነው እኮ፣ ላንቺው አስበን» አለ።

እሷም አዜመችላቸው። ማታለል ነው ብላ አላሰበችም። መዝሙርም የተማረችው እንዲሁ ነው፤ የሚያውቅ ይላል፣ የማያውቅ ይቀበላል። ልጆቹ በሁለት በሦስት ቀን ጥርት አድርገው ያዙት። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን የሚዘረጉት ለጋሼ ሣህሉ ዓይን ነበር።

ዋሪስ ግን አንድ ቀንም አልመጣችም። አባቷ አቶ ጃማዕ ከወንዙ ማዶ፣ መጋላ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። አኮርዲዮን መማሯን ሲፈቅዱላት ያስቀመጡት ደንብ አንድ ብቻ ነው፦ ደወል እንደ ተደወለ ድልድዩን ተሻግራ ሱቅ መገኘት። ስለዚህ ልጆቹ ከዚራ ተሰብስበው ሲያዜሙ እሷ መጋላ ጨርቅ ትለካለች። በእጇ ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። ደንበኛ ሲጠፋ ወረቀቱን በአቡጀዲው ጥቅል ላይ ዘርግታ ጣቶቿን በባንኮኒው ጠርዝ ላይ ታስኬዳለች። የራሷን መስመር ስትጨርስ የዋሽንቱን፣ ከዚያ የክራሩን፣ የከበሮውንም ታነባለች።

«ሃዬ፣ ይህቺ ልጅ ሻጭ ናት ወይስ ሊጥ ታቦካለች?» ይሉ ነበር አባቷ ለደንበኞቻቸው።

በማለዳው ልምምድ ላይ ጓደኞቿ ወደ ወረቀቱ ዓይናቸውን እንኳ ሳይጥሉ ሲጫወቱ ታያለች። እሷ ሁልጊዜ እያየች ነው። አንድ ጊዜ አንብበው የያዙት ስለ መሰላት ከሁሉም የምትደክመው እሷ እንደ ሆነች አመነች።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሙቀቱ በጣም በረታና ጋሼ ሣህሉ አኮርዲዮኑን እስከ ፈተናው ቀን ቆለፉበት። ልምምድም ቀረ። በዚያው ሳምንት ሰርካዲስ ከመጋላ ሽንኩርት ገዝታ በድልድዩ ስትመለስ ደቻቱ መጣ። ድሬዳዋ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አንድ ጠብታ አልወረደም፤ ዝናቡ የወረደው ተራራው ላይ ነበር። ከታች በአሸዋው ላይ ሰው ይተላለፋል፣ ፍየል ይነዳል፤ ከቢዮ አዋሌ በኩል ማገዶ የጫነ አንድ ሰው ግመሎቹን ይጎትታል።

«መጣ!» አለ አንድ ሰው ከላይ። «ዱፌ!» አለ ሌላው። «ዉ ይሚድ!» የምትል ሴትም ተሰማች። በሦስት ቋንቋ አንድ ቃል። ሰው ሁሉ ሮጠ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ጎተቱ፣ ባለግመሉም በጭንቅ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰርካዲስ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ኖራ ልብ ብላው አታውቅም ነበር። ሁሉም ዝም አለ። በወዲህኛውና በወዲያኛው ዳር የቆመ ሕዝብ አንድም አይናገርም። ሕፃን አላለቀሰም። አሸዋው ባዶውን ተዘርግቶ ይታያል፤ ውኃው ገና የለም። ከዚያ ከሩቅ፣ ጆሮ የሰማው ይሁን ያሰበው የማይለይ፣ እንደ ትንፋሽ ያለ ነገር መጣ።

«ዜማውን የጻፍኩት ይህን ዝምታ ሳልጽፍ ነው» አለች በልቧ።

ቤት ገብታ አባቷን ሌላ ወረቀት አስሰመረችና ዜማውን እንደገና ገለበጠችው። ከጩኸቱ በኋላ፣ ከጎርፉ በፊት፣ ለአራቱም መሣሪያ ዝምታ ጻፈች። በኖታ ላይ ዝም የሚባልበት ምልክት አለ፤ ተጫዋቹ እሱን ሲያይ እየቆጠረ ይጠብቃል። ረጅም ዝምታ ነበር፤ ልብ የሚያስጨንቅ ያህል። አዲሱን ወረቀት ለአራቱም ሰጠች።

«ትንሽ ለውጫለሁ፤ እዩት እሺ?»

«እሺ እሺ» አለ ጉግሳ፣ አራት አጥፎ ኪሱ እየከተተው። ሃሺና ዲሪዬም እንደዚያው። እነሱ ዜማውን በልባቸው ይዘውታልና ወረቀት ምን ይጨምራል? ዋሪስ ግን ይዛው ወደ ሱቅ ሄደች።

ለፈተናው ከክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቢሮ ጓድ ሀብተ ማርያም የሚባሉ ሰው መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ባለመነጽር፣ ቀይ እርሳስ በጆሯቸው ላይ የሰኩ ሰው ነበሩ። ፈተናው ሙቀት ሳይገባ በማለዳ ተጀመረ። የመጫወቱ ዘርፍ አልፎ ተራው የድርሰት ሲሆን ጓድ ሀብተ ማርያም ወረቀቱን አንሥተው ርእሱን ተመለከቱ።

«ደቻቱ ሲመጣ። ይህ ጎርፍ የምን ጎርፍ ነው?»

«የአብዮቱ ጎርፍ ነው ጓድ!» አለ ጉግሳ ፈጠን ብሎ።

«የደቻቱ ነው» አሉ ጋሼ ሣህሉ፣ ጉግሳን ገላምጠው። «ክረምት ከክረምት የምናየው ጎርፍ።»

ጓድ ሀብተ ማርያም ፈገግ አሉ። «የደቻቱም ያስፈራል። ደራሲዋ የት አለች?»

ሰርካዲስ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። በደንቡ መሠረት አፏን ይዛለች፤ እንዲያውም እንዳይረሳት ነጠላዋን ጥርሷ መሐል አድርጋለች። ጓድ ሀብተ ማርያም እርሳሳቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው «ጀምሩ» አሉ።

አሸዋው መልካም ሄደ። ክራሩም ዋሽንቱም አማረባቸው። ጩኸቱ መጣ፤ ሦስት ጊዜ፣ እንደ ተጻፈው። ከዚያ ከበሮው ጎርፉን ይዞ ቀጠለ፣ ዋሽንቱና ክራሩም ተከተሉት። አኮርዲዮኑ ግን ቀጥ አለ።

ዋሪስ ጣቶቿን አንሥታ ወረቀቱ ላይ አፍጥጣ ተቀምጣለች። ጉግሳ ከበሮውን ሳያቋርጥ በአገጩ ይጠቁማታል። «ግቢ! ምን ሆነሻል? ግቢ እንጂ!» ይላል በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታው ግን ክፍሉን ሁሉ ሞላው። ሃሺ በዓይኑ ይለምናታል። የተማሪው ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ነው። የልጅቷ ፊት ቀላ፣ ላቧ በግንባሯ ወረደ።

ከኋላ ያለችው ሰርካዲስ ብቻ ልክ የሆነችው ዋሪስ እንደ ሆነች ታውቃለች። አንድ ቃል ብትናገር ግን ወደቀች። ዝም ብትልም ጓደኛዋ በሷ ዝምታ እያፈረች ነው። ነጠላዋን አጥብቃ ነከሰች። ያን ጊዜ ምን አደረግሽ ብዬ ብጠይቃት «ጸለይኩ» አለችኝ። «ለማለፌ አልነበረም። ዋሪስ ቀና እንድትል ብቻ።»

ጓድ ሀብተ ማርያም እጃቸውን አነሡ። ሁሉም ቆመ።

«አንቺ ልጅ፣ ስምሽ ማነው?»

«ዋሪስ ጃማዕ።»

«ለምን አቆምሽ ዋሪስ?»

«ይቅርታ ጓድ። ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ... ንባብ ላይ ደካማ ነኝ።»

«ይቅርታሽን አልጠየቅኩሽም። ለምን አቆምሽ?»

ዋሪስ ወረቀቱን አየች፣ ጓደኞቿን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች። «ወረቀቱ ዝም በዪ ስላለኝ» አለች።

ጓድ ሀብተ ማርያም መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው ወደ ሦስቱ ወንዶች ዞሩ። «እናንተንስ ምን አላችሁ? ወረቀታችሁ የት አለ?»

ጉግሳ ኪሱን ዳበሰ። አራት የታጠፈው ወረቀት እንደ ታጠፈ ወጣ። «እኛ እንኳ ...» አለ፤ «ሰርካዲስ ስታዜምልን እዚህ ጋ አላቆመችማ!»

ጉግሳ ያለውን የሰማው ከተናገረው በኋላ ነበር፤ እጁን በአፉ ላይ ጫነ። ጋሼ ሣህሉ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ዞሩ።

«አዜምሽላቸው?»

ሰርካዲስ መናገር አልተፈቀደላትም። ራሷን ነቅንቃ አዎ አለች። እንባዋ ነጠላዋ ላይ ወረደ።

«እንግዲህ ጓድ» አሉ ጋሼ ሣህሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ፣ «ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከአፍ የሰሙት ከወረቀት እንደ ወጣ አይቆጠርም። ፈተናው ፈርሷል።»

ጓድ ሀብተ ማርያም ቀይ እርሳሱን ከወረቀቱ ላይ አላነሡም። «ከናንተ መሐል ስታዜም ያልሰማ አለ?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ» አለች ዋሪስ። «እኔ ከትምህርት በኋላ ሱቅ ነኝ። ለእነሱ ማዜሟንም ገና አሁን መስማቴ ነው።»

«እንዴት ተማርሽው ታዲያ?»

«ከዚህ» አለች ወረቀቱን እየነካች። «ሌላ ከየት ይማሩታል?»

ጓድ ሀብተ ማርያም ወደ ጋሼ ሣህሉ አዩ፤ ጋሼ ሣህሉም ወደሳቸው። «ድርሰቱ በዚህች ልጅ ንባብ ብቻ ይፈተን እንግዲህ» አሉ ጓድ ሀብተ ማርያም። «ከመጀመሪያው ጀምሪ። ብቻሽን።»

«የኔን መስመር ብቻ?»

«የቻልሽውን።»

ዋሪስ የአኮርዲዮኑን ማንገቻ አስተካክላ ጀመረች። ከዚህ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምናገረው አላውቅም፤ የነበሩት ሁሉ ሲተርኩት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በቀኝ እጇ የራሷንና የዋሽንቱን መስመር፣ በግራዋ የክራሩን ይዛ አሸዋውን ዘረጋችው። ጩኸቱን ጮኸችው። ከዚያ ጣቶቿን አነሣች።

ዝምታው ገባ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከውጭ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ሲያልፍ ተሰማ፤ እሱም ራቀ። ጉግሳ ትንፋሹን ይዞ ነበር። የጓድ ሀብተ ማርያም እርሳስ በአየር ላይ ቀርቷል። በዚያች ክፍል ውስጥ የነበረ የድሬዳዋ ልጅ ሁሉ አንድም ቃል ሳይነገረው ራሱን በደቻቱ ዳር ቆሞ አገኘው። ሰርካዲስም አየችው። በድልድዩ ላይ ቆማ የሰማችው ነገር በእርሳስ ተጽፎ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሰንብቶ፣ በሌላ ሰው ልብ በኩል ተመልሶ ሲመጣ አየችው። ሁለቱ ልጆች ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገሩም። አንዷ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ አንዷ መስጊድ። ሰውን እንዲህ አድርጎ የፈጠረ አምላክ ይመስገን ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

ዝምታው በልኩ ሲያልቅ ከአኮርዲዮኑ ድምፅ ሳይሆን ነፋስ ወጣ። ዋሪስ አንድም የዜማ ቁልፍ ሳትነካ ወናፉን ብቻ በቀስታ ከፈተችው። ከሩቅ እንደሚመጣ ትንፋሽ። ደጋግማ ከፈተችው፣ ዘጋችው፤ እየበረታ ሄደ። ከዚያ ጎርፉ ሙሉ ድምፁን ይዞ ደረሰ።

ስትጨርስ ጓድ ሀብተ ማርያም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ከሰርካዲስ ወረቀት ግርጌ «አልፋለች» ብለው ጻፉ፤ ጮክ ብለውም አነበቡት። ሦስቱ ወንዶች ግን በንባብ ወደቁ። ጉግሳ እስካሁን ይስቅበታል፤ «ዝም ማለት አቅቶት የወደቀ ከበሮ መቺ እኔ ብቻ ነኝ» ይላል። ሃሺ «እኛስ?» ሲለው «እናንተ እኔን ተከትላችሁ ነው» ብሎ ይመልሳል። በዚያው ክረምት ሦስቱም ንባብ ለመማር ዋሪስ ሱቅ ይመላለሱ ነበር። አቶ ጃማዕ ደንበኛ የመጣ መስሏቸው በተነሡ ቁጥር ተመልሰው ይቀመጣሉ።

ሰርካዲስ በነሐሴ ባቡር ተሳፈረች፤ የአዲስ አበባውንም ፈተና አለፈች። ተምራ ተመልሳም እዚሁ ድሬዳዋ ብዙ ዘመን አስተማረች። ወይዘሮ በለጠች ለታይፕ ትምህርት የያዙትን ቦታ ለጎረቤት ልጅ ሰጡት።

ስለዚያ ቀን ስታወራ ግን ማለፏን ብዙም አታነሣም። የምታነሣው ክፍሉ ከተበተነ በኋላ፣ አኮርዲዮኑ ወደ ጋኑ አጠገብ ሊመለስ ሲል፣ ጓድ ሀብተ ማርያምም እርሳሳቸውን ወደ ጆሯቸው መልሰው ወረቀታቸውን ሲሰበስቡ የሆነውን ነው። ጋሼ ሣህሉ «አሁን መናገር ትችያለሽ» አሏት። ከዋሪስ ፊት ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ያን ነፋስ ከየት አመጣሽው?» አለቻት።

ዋሪስ ደነገጠች። «ተሳሳትኩ እንዴ?»

«አልጻፍኩትም እኮ።»

«ከበሮ የለኝማ። የጉግሳ መስመር ባዶ እንዳይቀርብሽ ብዬ ነው። የከበሮው ምት ከሥር ቀስ ብሎ የሚጀምረው ውኃው ሩቅ ስለሆነ መስሎኝ። ከሆነ ... ተይው፣ ይቅር።»

«አይቀርም» አለች ሰርካዲስ። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ደገፈችና ከጓድ ሀብተ ማርያም ጆሮ ላይ ቀይ እርሳሱን አንሥታ፣ ሰውየው አፋቸውን ከፍተው እያዩዋት፣ ነፋሱን ጻፈችው።